ቫን ጎግን ልታይ ገብታ ሼርፍቤክ ጋ የቀረችው አንባቢ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፣ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። በቅርቡ ለሥራ ስልጠና ሄልሲንኪ ሄጄ ነበር። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት ፕሮግራም ስላልነበረን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው አቴኔዩም የሚባል የሥዕል ሙዚየም ገባሁ። እውነቱን ለመናገር የገባሁት የቫን ጎግ ሥዕል አለ ሲሉ ሰምቼ ነው። ከእሱ ሌላ እዚያ ውስጥ በስም የማውቀው ሠዓሊ አልነበረም። ፈልጌ አገኘሁት፣ ፎቶ አነሳሁት፣ በቃ።

ልወጣ ስል አንድ ሥዕል አስቆመኝ። ከሕመም እያገገመ ያለ ትንሽ ልጅ ነው፣ ወንድ ይሁን ሴት እንጃ። በነጭ አንሶላ ተጠቅልሎ ከሰውነቱ የሚበልጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፀጉሩ ተንጨባሯል። አንጀቴን በላው። ትንሽ አለፍ ስል የዚችው ሠዓሊ የራሷ ምስሎች ተሰቅለዋል። አንዱ ላይ ጀርባው ጥቁር ነው፣ ኮራ ያለች ሴት ናት። ሌላው ላይ ግን ፊት ይሁን የራስ ቅል አይለይም። ከንፈሯ ላይ ቀይ ነጥብ አለ። ደነገጥኩ። ሁሉንም የሳለችው አንዲት ሴት መሆኗን ለማመን መግለጫውን ደጋግሜ አነበብኩ። ሄሌን ሼርፍቤክ ትባላለች።

እንዲህ ያለች ሠዓሊ ከሆነች እንዴት ስሟን ሰምቼ አላውቅም? መጨረሻ ላይ የሳለቻቸው ምስሎች በእርጅና እጇ ስለደከመ ነው ወይስ አውቃ ነው? አሁን ተመልሻለሁ፤ ከዚህ ሆኜ እንዴት ላጥናት? ደግሞ አንዷ ጓደኛዬ «ሙዚየም ከመሄድሽ በፊት አንብበሽ መሄድ ነበረብሽ፣ ዝም ብለሽ ገብተሽ ምን ገባሽ?» ብላ አሸማቀቀችኝ። ልክ ናት?

ልቧ እዚያ የቀረ

መልስ፦

ከጓደኛሽ ልጀምር፣ እሷን ቶሎ እንገላገላት። ልክ አይደለችም። አንብበሽ ሄደሽ ቢሆን ኖሮ ዝርዝር ይዘሽ ትገቢ ነበር። ዝርዝሩ ላይ ቫን ጎግ አለ። ቀጥሎ የሁጎ ሲምበርግ «የቆሰለው መልአክ» አለ፤ በ2006 በተሰጠ ድምፅ የፊንላንድ ብሔራዊ ሥዕል ተብሎ የተመረጠ ስለሆነ ማንም አስጎብኚ አይዘለውም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከዚያ አክሴሊ ጋለን-ካሌላ። እያንዳንዱን ምልክት አድርገሽ ትወጪ ነበር። ሼርፍቤክም ከዝርዝሩ አትጠፋም፤ ፊንላንድ ውስጥ የማያውቃት የለም። ግን «ታዋቂዋን አየኋት» ብለሽ ታልፊያት ነበር። አሁን ማንም ሳይነግርሽ፣ እግርሽ ለመውጣት ተነስቶ እያለ፣ ቆምሽ። ይሄ በንባብ አይገኝም።

ዕድሜዬን ሥዕል ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼን ሙዚየም ስወስድ ሁሌ የማየው አንድ ነገር ነበር። መጀመሪያ መግለጫውን ያነባሉ። ከዚያ ቀና ብለው ሥዕሉን ያያሉ፣ መታወቂያ እንደሚያመሳክር ዘበኛ። ከዚያ ያልፋሉ። ያነበበ ሁሉ ያያል ማለት አይደለም። ጓደኛሽን ሰላም በያት።

እግረ መንገዴን፣ ቫን ጎግሽንም አታጣጥይው። አቴኔዩም ያለው የኦቨር መንደርን መንገድ የሳለበት ነው፣ በ1890፣ በመጨረሻዎቹ ወራቱ። ሙዚየሙ እጅ የገባው በ1903 ነው። ያኔ ብዙ ሙዚየሞች ለቫን ጎግ ጉዳዬም አይሉ ነበር። የዛን ጊዜ የሄልሲንኪ ጎብኚ እዚያ ሥዕል ፊት ሲቆም «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብሎ ይሆናል። አንቺ ሼርፍቤክ ላይ እንዳልሽው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስሟን ለምን አልሰማሽም?

መልሱ ከችሎታዋ ጋር አይገናኝም። ሥዕሎቿ ከሚኖሩበት ቦታ ጋር ነው የሚገናኘው። የሠዓሊ ስም የሚጓዘው ሥራው በተጓዘበት መንገድ ነው። ፓሪስ፣ ለንደን፣ ኒው ዮርክ ያሉት ትልልቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰው ፖስትካርድ ይሆናል፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ይገባል፣ የቲሸርት ጌጥ ይሆናል። የሼርፍቤክ ሥራዎች ግን አብዛኞቹ ፊንላንድና ስዊድን ቀሩ። እዚያው ተገዙ፣ እዚያው ተሰቀሉ፣ እዚያው ተወደዱ።

ነገሩን ከመጀመሪያው እናንሳው። የተወለደችው በ1862 ሄልሲንኪ ውስጥ ነው። በአራት ዓመቷ ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋን ተጎዳች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስታነክስ ኖረች። እቤት በዋለችበት ጊዜ እርሳስ ያዘች። 11 ዓመቷ ላይ የፊንላንድ ሥነ ጥበብ ማኅበር የሥዕል ትምህርት ቤት ተቀበላት። አስቢው፣ በ11 ዓመት። 18 ዓመቷ አካባቢ በረዶ ላይ የቆሰለ ወታደር ሳለች፤ ሥዕሉን ማኅበሩ ገዛው፣ ከዚያም ፓሪስ ሄዳ እንድትማር የገንዘብ ድጋፍ አገኘች።

ፓሪስ ላይ አንድ ችግር ነበር። የመንግሥቱ ትልቅ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴት አይቀበልም ነበር፤ በሩ ለሴቶች የተከፈተው በ1897 ነው። ስለዚህ እሷና እንደ እሷ ያሉ የፊንላንድ ሴት ሠዓሊዎች የግል ትምህርት ቤቶች ገቡ። እሷ ኮላሮሲ የሚባለው ተማረች። ክረምት ፓሪስ፣ በጋ ደግሞ ብርሃን ፍለጋ ባሕር ዳር ያሉ መንደሮች። አንቺን ያስቆመሽ ልጅ የተሳለው እንግሊዝ ውስጥ ኮርንዎል ባለችው ሴንት አይቭስ ነው፣ በ1888። ሠዓሊዋ 25 ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት የፓሪሱ ትልቅ ዓመታዊ ትርዒት ላይ ቀረበ። በ1889 በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሽን የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። የገዛው ማን መሰለሽ? አሁንም የፊንላንድ ሥነ ጥበብ ማኅበር። ሥዕሉ ወደ ሄልሲንኪ ገባ፣ እዚያው ቀረ። አንድ የፈረንሳይ ሙዚየም ገዝቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሄን ደብዳቤ አትጽፊልኝም ነበር።

ሥዕሉን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ላሳይሽ። ፎቶ አንስተሽ ከሆነ አጉልተሽ እዪው። የልጁን ፊት ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ትኩሳቱ የለቀቀው ጉንጭ፣ የሚያብረቀርቅ ዓይን። እጁን ግን ስንቱ ያየዋል? ትንሽ ኩባያ ውስጥ የተሰካ ቀጭን ቅርንጫፍ ይዟል። ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ እንቡጥ አለ፣ አረንጓዴው ገና ብቅ ማለቱ ነው። ልጁ ወዳንቺ አያይም። ወደዚያች ቅጠል ነው የሚያየው። «ልጁ ይድናል» የሚል ጽሑፍ የትም የለም። አሁን ደግሞ ከፊቱ ወደ አንሶላው ውረጂ። ፊቱ ላይ ብሩሹ በጥንቃቄ ይሄዳል። አንሶላው ላይ ግን ሰፋ ብሎ፣ ፈጠን ብሎ ነው ያለፈው። የት መድከም እንዳለባት፣ የት መተው እንዳለባት ታውቃለች። መተዉን ያዢልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፓሪስ ብትቀር ኖሮ ስሟ ሌላ ይሆን ነበር። አልቀረችም። ተመለሰች። ማኅበሩ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ወደ ቪየና፣ ወደ ፍሎረንስ ልኮ የጥንት ሥዕሎችን አስቀዳት፤ አገር ውስጥ ዋናው ስለማይገኝ ለተማሪዎች ቅጂ ያስፈልግ ነበርና። ከ1894 ጀምሮ በተማረችበት ትምህርት ቤት አስተማረች። ማስተማር ጤናዋን ጨረሰው። (እኔም አስተምሬያለሁ፣ አልፈርድባትም።) በ1902 ሥራውን ትታ ከእናቷ ጋር ሂቪንካ የምትባል የባቡር ጣቢያ ከተማ ገባች፣ ከሄልሲንኪ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን። እዚያ ትንሽ ቤት ውስጥ ለዓመታት ኖረች። የሰፈሩን ሴቶችና ልጆች እያስቀመጠች ትስላለች፣ ቤት ትሠራለች፣ እናቷን ታስታምማለች። ከዓለም ጋር የሚያገናኛት የጓደኞቿ ደብዳቤ፣ መጽሐፍና መጽሔት ነበር።

በ1913 የስታ ስተንማን የሚባል የሥዕል ነጋዴ በሯን አንኳኳ። ይሄ ሰው ለእሷ ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ነው። ሥራዎቿን ገዛ፣ ሸጠ፣ በ1917 የመጀመሪያውን የግሏን ኤግዚቢሽን አዘጋጀላት። 55 ዓመቷ ነበር። ስተንማን በኋላ ስዊድን ውስጥም ጋለሪ ስለነበረው ሥራዎቿ እዚያም ገበያ አገኙ። ጥሩ ነጋዴ ነበር፤ ግን ገበያው ሰሜን አውሮፓ ነው። ሥዕሎቿ ከስቶክሆልም ወዲያ ብዙ አልተሻገሩም።

አሁን አሁን ነገሩ እየተቀየረ ነው። በ2012 በተወለደች 150ኛ ዓመት አቴኔዩም ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጀላት። ፍራንክፈርት በ2014፣ የለንደኑ ሮያል አካዳሚ በ2019 ሥራዎቿን አሳዩ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ደግሞ በ2025 መጨረሻ ሰፊ ኤግዚቢሽን ከፈተላት። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በኋላ ይሄን ታሪክ ለሰው ስትነግሪ «ማን አያውቃትም?» ይሉሻል። ያኔ ቀድመሽ እንዳወቅሻት መፎከር ትችያለሽ፣ ፈቅጄልሻለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ የበለጠ ይማርከኛል። እጇ ደክሞ ነው ወይስ አውቃ?

አውቃ ነው። ይሄን የምልሽ ስለወደድኳት አይደለም፣ ማስረጃው እዚያው ሙዚየም ውስጥ ስላለ ነው። መተዉን ያዢልኝ ብዬሽ ነበር። ገና 22 ዓመቷ ሳለ፣ በ1884፣ ፈረንሳይ ብሪታኒ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት በር ሳለች። ሥዕሉ «በሩ» ይባላል። ሰው የለበትም። ታሪክ የለበትም። የተዘጋ ጥቁር በር አለ፣ ከሥሩ ብርሃን ያፈሳል። በቃ። በዚያ ዘመን ወጣት ሠዓሊ ለዝና ብሎ እንዲህ ዓይነት ነገር አይስልም።

ከዚያ 1905 ላይ ነይ። ልብስ ሰፊዋን የሳለችበት አለ። ሴትዮዋ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ተወዛዋዥ ወንበር ላይ በጎን ተቀምጣለች። ከወገቧ መቀስ ተንጠልጥሏል። እየሰፋች አይደለም። ግድግዳው ባዶ፣ ቀሚሱ አንድ ወጥ ጥቁር። ልጁ ሥዕል ላይ ወንበሩም፣ ጠረጴዛውም፣ ክፍሉም በዝርዝር ነበር። እዚህ ግን ያ ሁሉ ወጥቷል። ይሄ የ43 ዓመት ሴት ሥራ ነው፤ እርጅና የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ ያቺ የኮራች ሴት ትመጣለች፣ ጥቁሩ ጀርባ። ዓመቱ 1915 ነው። ማኅበሩ ለስብሰባ አዳራሹ የሠዓሊዎችን የራስ ምስል ሲያዝ ከተጋበዙት ውስጥ ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች። ወንዶቹ መሀል እንዴት ሆና ልትሰቀል እንደፈለገች እዪ። አገጯ ቀና ብሏል፣ ዓይኗ ከላይ ወደ ታች ያያል። ከኋላዋ ቀይ ማሰሮ አለ፣ የብሩሽ ማስቀመጫ። ጥቁሩ ላይ ደግሞ ስሟ በፊደል ተጽፏል፣ የመቃብር ድንጋይ ላይ እንደሚጻፈው። ብዙ ሰው ይሄን ጽሑፍ ሳያየው ያልፋል። ፎቶሽ ላይ ብርሃን ጨምሪና ፈልጊው።

ከዚያ ወደ መጨረሻው። በ1944 ጦርነቱ ስላልበረደ ስተንማን ወደ ስዊድን ወሰዳት። ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ ሳልትሾባደን የሚባል ቦታ ሆቴል ውስጥ ተቀመጠች። ዕድሜዋ 82። ሞዴል የለም፣ ልትወጣ ጉልበት የለም። መስተዋት ግን አለ። በቀሩት ሁለት ዓመታት ገደማ ብቻ ወደ 20 የሚሆን የራሷን ምስል ሳለች፤ በዕድሜዋ ሙሉ ከሳለቻቸው ወደ 40 ከሚጠጉት ግማሹን ማለት ነው። አንቺ ያየሽው ባለ ቀይ ነጥቡ ከእነዚያ አንዱ ነው።

የደከመ እጅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ሠዓሊው መንቀጥቀጡን ለመደበቅ ደጋግሞ ይሄድበታል፣ ቀለም ይከምርበታል። ዓይኑ የለመደውን ሁሉ ሊያስገባ ይሞክራል፤ ሽብሽቡን፣ ፀጉሩን፣ የአንገት ልብሱን። የእሷ ተቃራኒው ነው። ቀለሙ ስስ ነው። የፋቀችው ቦታ አለ፣ ያልነካችው ቦታ አለ። አንዱ ዓይን ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ከዚያ በዚያ ሁሉ ግራጫ መሀል የታችኛው ከንፈር ላይ አንድ ቀይ ነጥብ። ቀዩ ትንሽ ከፍ ቢል ወይም ትንሽ ቢሰፋ ሥዕሉ ይበላሻል። ያቺን ነጥብ እዚያ ማስቀመጥ የሚችል እጅ ደክሟል ብለሽ አታሳዝኚኝ።

የሞተችው በጥር 1946 ነው፣ በ83 ዓመቷ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ስለ እሷ ማንበብ ስትጀምሪ የሚያገኝሽ የመከራ ታሪክ ነው። የተጎዳው ዳሌ፣ የፈረሰው ቀለበት፣ ሕመሙ፣ ብቸኝነቱ። እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ጽሑፎቹ ብዙ ጊዜ እያንዳንዱን ሥዕል ወስደው አንዱ ሐዘን ላይ ይለጥፉታል። ቀይ ነጥቡ ሞት ነው፣ በሩ ብቸኝነት ነው፣ ልጁ ራሷ ናት። ኧረ ተዉ! እያነከሰ የኖረ ሰው ብዙ ነው፣ «በሩን» የሳለው ግን አንድ ሰው ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ሥዕሎቹን እጠግብ ነበር፣ የሕይወት ታሪኩን ለኋላ አቆየው ነበር።

ከዚህ ሆኜ እንዴት ላጥናት ላልሽው፣ ዘመኑ ደግ ሆኖልሻል። የፊንላንድ ብሔራዊ ጋለሪ፣ አቴኔዩም የእሱ ክፍል ነው፣ ክምችቱን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦታል። የቅጂ መብታቸው ያለቀ ሥራዎችን ምስል በነፃ ማውረድ ይቻላል። የሼርፍቤክ መብት ከሞተች 70 ዓመት ስላለፈ አብቅቷል። ስሟን ከፎቶሽ ላይ በጥንቃቄ ቅጂው፤ በላቲን ፊደል ስትጽፊው አንድ ተነባቢ ብታልፊ ሌላ ሰው ጋ ይወስድሻል።

ከዚያ የራሷን ምስሎች ብቻ ለይተሽ በዓመት ቅደም ተከተል ደርድሪያቸው። በ20ዎቹ ዕድሜዋ የሳለችውን፣ የ1912ቱን፣ የ1915ቱን፣ ከዚያ የ1944ቱን። ሌላ ቦታ ያሉም አሉ። ጀርባው ብር የመሰለው የ1915 ሥራ ቱርኩ ከተማ ያለው ሙዚየም ውስጥ ነው። ፓሌት ይዛ የሳለችው የ1937ቱ ስቶክሆልም ሞደርና ሙዚየም ውስጥ ነው። ስልክሽ ላይ አንድ አቃፊ ውስጥ አድርጊያቸውና ጣትሽን እያንሸራተትሽ እለፊባቸው። ምን እንደቀነሰች ብቻ እዪ። ፀጉሩ መቼ ሄደ? ጆሮው መቼ ሄደ? ልብሱ መቼ ቀለም ብቻ ሆነ? ይሄን ስትጨርሺ አንድ ዓመት ሥነ ጥበብ ከተማረ ሰው ጋር ቁጭ ብለሽ ማውራት ትችያለሽ።

ስክሪን የሚዋሽሽ መጠን ላይ ነው። ስልክ ላይ ሁሉም ሥዕል እኩል ነው። የልጁ ሥዕል ወርዱ ከአንድ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ባለ ቀይ ነጥቡ ግን በቁመቱም ግማሽ ሜትር አይሞላም። ክምችቱ ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ምስል ሥር መጠኑ ተጽፏል። ጋዜጣ በዚያ ልክ ቁረጪና ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ያ ያስደነገጠሽ ፊት ምን ያህል ትንሽ ቦታ እንደያዘ ስታዪ ሌላ ድንጋጤ ይጠብቅሻል።

እሷ ላይ ብቻም አትቁሚ። ፓሪስ አብረዋት የነበሩ ጓደኞቿን ተከተይ። ማሪያ ቪክ የምትባል አለች። በ1889 ከቤት ልትወጣ የተነሳች ወጣትና አንዲት አሮጊትን የሳለችበት ሥዕል እዚያው አቴኔዩም አለ። ምናልባት አጠገቡ አልፈሽ ይሆናል። ሄሌና ቬስተርማርክም አለች። አንዷ ሌላዋን ታሳይሻለች፤ ዝርዝር ያለው እዚህ ነው፣ ጓደኛሽ እንዳለችው ከጉዞው በፊት ሳይሆን ከኋላው።

ጥያቄ፦

ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። እኔና ባለቤቴ ውጭ በሄድን ቁጥር ሙዚየም ውስጥ እንነታረካለን። እሷ አንድ ሥዕል ፊት ትተከላለች። እኔ ቦርሳና ጃኬት ተሸክሜ ጥግ ላይ እቆማለሁ። ትኬቱ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ግማሹን ሳናይ ሰዓት ይደርሳል። የከፈልንበትን ሁሉ ማየት አይሻልም?

ቦርሳ ተሸካሚው

መልስ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቦርሳውን መግቢያው ላይ ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ስጥ። ግማሹ ንትርክ የትከሻ ሕመም ነው።

ሁሉን ማየት ላልከው ሒሳቡን እንሥራው። ፓሪስ ያለው ሉቭር ለእይታ የሚያቀርበው ወደ 35,000 ሥራ ነው። እያንዳንዱን ለ10 ሰከንድ ብታየው፣ ሳትበላና ሳትተኛ አራት ቀን ይፈጅብሃል። የትም የከፈልክበትን ሁሉ አታይም። ስለዚህ ሚስትህን አትቀየማት።

ግን አንተም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትክም። በፍጥነት የሚዞር ሰው ተዘዋውሮ የሚያገኘው ነገር አለ፤ ላይበራሪ ውስጥ የመጻሕፍት ጀርባ እንደሚያይ ሰው ሁሉንም በስሱ ይቃኛል። ችግሩ አብራችሁ ለመሄድ መሞከራችሁ ነው። በር ላይ ተለያዩ። ሰዓትና ቦታ ተቀጣጠሩ። አንተ ፎቁን ሁሉ ዙረው፣ እሷ እንደ ልማዷ ትቁም። ስትገናኙ አንተ አንድ ሥዕል ብቻ መርጠህ ውሰዳት፣ እሷም አንድ ታሳይህ። ምክንያቱን ሳትናገሩ መጀመሪያ ዝም ብላችሁ እዩ። የማታውቀውን ሠዓሊ ቀድሞ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ የሚዞረው ነው፤ የሚያቆየው ደግሞ የሚቆመው። ለሁለት ተከፍላችሁት ነው እንጂ አንድ ሥራ ነው የምትሠሩት።

ጥያቄ፦

ያንን ጆሮ ላይ የሚደረግ የድምፅ መግለጫ ልከራየው ወይስ ይቅርብኝ? ፎቶ ማንሳትስ?

ተማሪ

መልስ፦

ድምፁን ተከራየው፣ ግን መጀመሪያውን ዙር ኪስህ ውስጥ ይሁን። ያስቆመህን ሥዕል ካገኘህ በኋላ ተመልሰህ ክፈተው። መጀመሪያ ከከፈትከው ቁጥር የተለጠፈባቸው ሥዕሎች ፊት ብቻ ትቆማለህ፤ ቁጥር የሚለጠፈው ደግሞ ታዋቂዎቹ ላይ ነው።

ፎቶ በር ላይ ያለውን ምልክት አይተህ፣ ፍላሽ አጥፍተህ አንሳ። ሁሌ ሥዕሉን ቀድመህ፣ መግለጫውን አስከትለህ አንሳ። አንድ ተጨማሪ ደግሞ ሰው አጠገቡ ቆሞ አንሳ፤ መጠኑ የሚታወሰው በዚያ ነው። አንድ ክፍል ከጨረስክ ቁጭ ብለህ የደበዘዘብህን መግለጫ አጥራ፣ ስሙ ካልተነበበ ተመልሰህ ድገመው። ከሙዚየሙ ከወጣህ በኋላ ሥዕሉን ያለ ስም ፈልጎ ማግኘት አበሳ ነው።